ዜሮ የተባለችው ዴቫያኒ

ዴቫያኒ የተሰጣትን ወረቀት ሁለቴ አነበበች፤ ከዚያ መነጽሯ ቆሽሾ ይሆናል ብላ በሳሪዋ ጫፍ ወለወለችውና ለሦስተኛ ጊዜ አነበበች። መነጽሯ ምንም አልሆነም። ወረቀቱ ላይ የሰባት ሠራተኞች ስም በተርታ ተደርድሯል፣ ከእያንዳንዱ ስም ፊት ለፊት ሰውየው በዘመኑ የጻፈው የኮድ መስመር ብዛት አለ፤ ከእሷ ስም ፊት ለፊት ያለው ግን ዜሮ ነው። ዜሮ! ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያው ፓላካድ ከተማ፣ እዚያው ሁለተኛ ፎቅ፣ እዚያው መስኮት ሥር ተቀምጣ ዓይኗ እስኪደክም የጻፈች ሴት! ኧረ በሕግ አምላክ፣ አንድ ቀን መጥቶ ወንበር ላይ ሲያንቀላፋ የዋለ ሰው እንኳ ከዜሮ የተሻለ ነገር ያገኛል።

«ማዳም፣ ይቀመጡ እንጂ» አላት ሬጂ ኩርያን። ሬጂ ያቺን ትንሽ መሥሪያ ቤት የገዛው የኮቺ ከተማ ኩባንያ የላከው አዲስ አለቃ ነው። አርባን ገና መዝለሉ ነው፣ ሲናገር ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ ለነገሩ ሁሉ ይቅርታ ይጠይቃል። ቆሽቷን የሚያሳርራት ይኸው ጨዋነቱ ነው። የሚሳደብ አለቃ ቢሆን መልሳ ትሰድበው ነበር።

«ቆሜ ይሻለኛል። ይሄ ምንድን ነው?»

«ዋናው ቢሮ የላከው መርማሪ ፕሮግራም ያወጣው ነው። ሰርቨሩ ላይ ያለውን ፎልደር ሁሉ አንድ በአንድ ገብቶ ያያል። የለውጥ መዝገብ ካገኘ፣ ማን መቼ ምን እንደጻፈ ከዚያ ላይ ይቆጥራል። እኔ እጄን አላስገባሁበትም።»

«መርማሪያችሁ ዕውር ነው።»

«ሊሆን ይችላል፣ ይቅርታ» አለና ሁለተኛ ወረቀት ገፋ አደረገላት። ይህኛው አጭር ነው። ዴቫያኒ በገዛ ፈቃዷ ከሥራ መሰናበቷን ይገልጻል፣ ከታች የፊርማ ቦታ አለው፣ እስከ አርብ መፈረም አለበት።

«በገዛ ፈቃዴ? ፈቃዴን ማን ጠየቀው?» አለች። «ሬጂ ሰር፣ እስካሁን እኔ ሰማሁ፣ አሁን ደግሞ እርስዎ ይስሙኝ። አልፈርምም። ዛሬም አልፈርም፣ አርብም አልፈርም። ዜሮ ተብዬ ከዚህ በር አልወጣም። መውጣት ካለብኝም ቁጥሬን ይዤ ነው የምወጣው።»

ለሚያውቃት ሰው ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። አባቷ ዘንባባ ላይ ወጥቶ ለጠጅ የሚሆነውን ፈሳሽ የሚቀዳ ሰው ነበር። የመንደሩ ባለመሬት አንድ ቀን «በጓሮ በር ግባ» ቢለው፣ ሦስት ወር ሙሉ የዚያን ሰውዬ ዘንባባ አልወጣም ብሎ ቤተሰቡን ካሳቫ በጨው አበላ፤ በኋላ ባለመሬቱ ራሱ መጥቶ በፊት ለፊት በር ለመነው። ዴቫያኒ የዚያ ሰውዬ ልጅ ናት። ከመንደሯ ሴቶች መጀመሪያ ኮምፒውተር የተማረችው እሷ ናት። ባሏ ኳታር ሄዶ በዚያው ሲቀር አንዲት ልጇን ብቻዋን አሳደገች፣ አስተማረች፣ ዳረች። ሩዝና እርጎዋን በቆርቆሮ ምሳ ዕቃ ይዛ፣ አውቶቡስ ላይ አርባ ደቂቃ ቆማ፣ አንድ ቀን ሳታረፍድ ስትመላለስ እነሆ ዕድሜዋ ሃምሳ አራት ደረሰ።

መሥሪያ ቤቱ የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው። በየመንደሩ ወተት የሚሰበስቡ ጣቢያዎች አሉ፣ ላም ያላት ሴት ጠዋት ጠዋት ወተቷን ይዛ ትመጣለች፣ ከወተቱ ትንሽ መመርመሪያው ውስጥ ይጨመራል፣ የእነ ዴቫያኒ ፕሮግራም ቅባቱን ያነብና «ደህና ነው» ወይም «ውሃ ገብቶበታል» ይላል። በቃ ይኸው ነው። ግን ውሃ ገብቶበታል ማለት ሴትየዋ ሌባ ናት ማለት ነው፤ ያውም በጎረቤቶቿ ፊት።

ዴቫያኒ ወረቀቱን ይዛ ወደ ወንበሯ ስትመለስ ከዝርዝሩ አናት ላይ ያለውን ስም አየች። ሺጂሽ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሺህ መስመር። ሺጂሽ ሠላሳ ዓመቱ ነው፣ ከመጣ አምስት ዓመቱ ነው፣ በሥራው ደህና ነው፣ ግን አራት መቶ ሺህ መስመር ለመጻፍ እጅ ሳይሆን ፋብሪካ ያስፈልገዋል። ቀኑን አየች። ባለፈው ዓመት፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ። ሁሉም በአንድ ማክሰኞ!

ከፎቁ ሥር ካለው ሻይ ቤት የሙዝ ጥብስ ሲበላ አገኘችው።

«ሺጂሽ፣ ያን ማክሰኞ ምን በልተህ ነበር?»

«የቱን ማክሰኞ ቼቺ?» ቼቺ ታላቅ እህቴ ማለቱ ነው፤ ዱሮም እንዲሁ ነው የሚጠራት።

«አራት መቶ ሺህ መስመር የጻፍክበትን። ለእኛም ንገረንና እንብላው።»

ሺጂሽ ጥብሱን አስቀመጠ። ጆሮው ድረስ ቀላ። «የድሮው ሰርቨር ሊሞት ሲል ሁሉን አድን ተብዬ የለ? የድሮውን ሥራ በሙሉ ገለበጥኩና አንድ ትልቅ ፎልደር ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ለትልቁ ፎልደር አዲስ የለውጥ መዝገብ ከፈትኩለት። እና ያው በስሜ ገባ።»

«መዝገብ የያዝኩበትን አሥራ ሰባት ዓመት በስምህ አስገባህ።»

«አስቤበት አይደለም እኮ!»

«እሱስ ይሁን። ዛሬ ጠዋት ሬጂ ሰር እጅህን ጨብጦ እንኳን ደስ ያለህ ሲልህ አፍህ የት ሄዶ ነበር? እዚያው ቆሜ አይቼሃለሁ። ጥርስህን ብልጭ አድርገህ ተቀበልክ።»

«ቼቺ፣ እኔ ምን ልበል? ደነገጥኩ። ደግሞ አፑኩታኑ የእኔ አይደለም፣ የመርማሪው ነው።»

እዚያ ቢሮ ውስጥ ለስህተት የወጣለት ስም አፑኩታን ነው። አንዱ ኮድ ቢያበላሽ «አፑኩታን ሠራህ» ይሉታል፣ ቡና ቢያፈስ «አፑኩታን» ይሉታል፣ አዲስ የሚቀጠር ሁሉ በሳምንቱ ቃሏን ይለምዳታል። አፑኩታን ሰው እንደሆነ፣ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት እዚያው ቢሮ አለቃ እንደነበረ ሺጂሽ አያውቅም። ዴቫያኒ ግን ታውቃለች። ቃሏን ስትሰማ የጀመረችውን ቁጣ ሳትጨርስ ፊቷን አዙራ ወደ ፎቁ ወጣች።

ወደ ሬጂ ተመለሰች። «የመርማሪውን ኮድ ያሳዩኝ።»

«የዋናው ቢሮ ነው እኮ ማዳም...»

«እኔን ዜሮ ያለኝን ፊቱን ልየው! የሞት ፍርደኛ እንኳ ዳኛውን ያያል።»

ሬጂ ይቅርታ ብሎ ከፈተላት።

ነገሩ ቀላል ነው፣ ቀላል በመሆኑም ያናድዳል። ለውጥን የሚመዘግቡ ፕሮግራሞች ብዙ ዓይነት ናቸው፤ እያንዳንዱ የሚመዘግበውን ሁሉ የሚያኖረው ስሙ በነጥብ በሚጀምር ስውር ፎልደር ውስጥ ነው፤ ስሙም እንደየዓይነቱ ይለያል። ዛሬ አገር ሁሉ የሚጠቀምበት ጊት የራሱ ስም አለው፣ ዴቫያኒ ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት ይዛው እስከ ዛሬ ያልለቀቀችው ሜርኩሪያል ሌላ ስም አለው። መርማሪ አንድ ፎልደር ውስጥ ሲገባ የሚያደርገው ያንን ስውር ፎልደር መፈለግ ነው። ካገኘ በስሙ ዓይነቱን ያውቃል። ካላገኘ ወደ ላይኛው ፎልደር ይወጣል፣ እዚያም ከሌለ አሁንም ወደ ላይ። ሰርግ ቤት ያሉ አሮጊቶች አንዲት የማያውቋትን ልጅ ይዘው የቤትሽ ስም ማነው፣ የአባትሽስ፣ የአያትሽስ እያሉ የሚያውቁት ቤት እስኪገኝ የሚጠይቁት ዓይነት ነው።

ይህ መርማሪ ግን የሚያውቀው አንድ ቤት ብቻ ነው። የሚፈልጋቸው ስሞች ዝርዝር ውስጥ የጊት ብቻ ተጽፏል። የዴቫያኒ ፎልደር ውስጥ ገባ፣ የሜርኩሪያሏን ስውር ፎልደር ደጃፉ ላይ ረግጦት አለፈ፣ ምንም የለም ብሎ ወደ ላይ ወጣ፣ እዚያ የሺጂሽን የማክሰኞ ጊት አገኘ፤ ከሥሩ ያለውን ሁሉ የሺጂሽ ነው ብሎ ጻፈ። ያለውን የለም ያለ፣ ከዚያ አልፎ የሰውን ሀብት ለሌላ ሰው የሰጠ መርማሪ!

«አየሁት» አለች። «አሥራ አንድ መስመር ይበቃዋል። ዝርዝሩ ላይ ሁለተኛ ስም እጨምራለሁ፣ ያንን ስም ሲያገኝ በራሱ ቋንቋ እንዲጠይቀው አደርጋለሁ፤ የሚቆጥረውም መስመር ሳይሆን ማን ስንት ጊዜ ጽፎ እንዳስመዘገበ ይሆናል።»

«የዋናውን ቢሮ ፕሮግራም መንካት አልችልም፣ ይቅርታ።»

«እኔ እችላለሁ። በራሴ ኮምፒውተር ላይ አርሜ አርብ ጠዋት በሁሉ ፊት አስኬደዋለሁ። ያረምኩትንም በስሜ ለዋናው ቢሮ እልከዋለሁ፤ ካልወደዱት ይጣሉት። ግን መጀመሪያ ያዩታል።»

ሬጂ ጣሪያውን አየ፣ ወረቀቱን አየ። «እሺ፣ አርብ አራት ሰዓት» አለ።

አሥራ አንዷን መስመር ለመጻፍ አንድ ሰዓት አልፈጀባትም። ሐሙስ ጠዋት ሞከረችው፣ ሠራ። የገዛ ስሟ በስክሪኑ ላይ ከላይ እስከ ታች ሲወርድ እያየች ብቻዋን ሳቀች። ዘጠኝ ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ጊዜ ጽፋለች። እያንዳንዱ ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ። ልጇ ኩፍኝ የያዛት ሰሞን የጻፈችው አለ፣ አባቷ በሞተ በአራተኛው ቀን የጻፈችው አለ። ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ሄደች።

ከዚያ እጇ ቆመ።

ከአሥራ አራት ዓመት በፊት፣ አንድ ሰኞ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት። «የቅባት ንባብ ማስተካከያ። ዴቫያኒ።» ያን ቀን አውቶቡስ እንዳያመልጣት ተጣድፋ አንዲት የአሥርዮሽ ነጥብ አንድ ቤት አሳለፈች። በማግስቱ ጠዋት የሠላሳ አንድ መንደር ወተት ውሃ ገብቶበታል ተባለ። ሴቶቹ ወተታቸው ሜዳ ላይ ተደፋባቸው፣ ሌባ ተባሉ፤ ከሰዓት በኋላ ባዶ ማሰሮአቸውን እየደበደቡ ቢሮው በር ላይ መጡ። የመሥሪያ ቤቱ ባለቤቶች «ይሄን ማን ሠራው?» ሲሉ አለቃው አፑኩታን ተነስቶ «ስህተቱ የእኛ ነው፣ ኃላፊው እኔ ነኝ» አለ። ዴቫያኒ ዝም አለች። ባሏ ኳታር ከቀረ ሁለት ዓመቱ ነበር፣ የልጇ ትምህርት ቤት ነበር፣ ቤት ኪራይ ነበር፤ ሁሉም እውነት ነው፣ ግን ዝም አለች። አፑኩታን ከቦታው ተነሳ፣ በሦስት ወሩ ጥሎ ሄደ፣ የአለቅነቱ ወንበር ለእሷ ተሰጣት፤ ሬጂ እስኪመጣም ይዛው ኖረች። ከዚያ ስሙ መቀለጃ ሆነ።

ሺጂሽን አፍህ የት ሄዶ ነበር ያለችው ትዝ አላትና አፈረች። የሚያያት ሰው ሳይኖር ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

መስመሩ አለ። ማንም ከፍቶ አያነበውም፣ ግን አለ። አርብ መዝገቡ ሲታወቅ ይህም ከዘጠኝ ሺው ጋር አብሮ ይታወቃል። ልታጠፋው ትችል ነበር፤ መንገዱን ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳችና ሩዟን ልትበላ ሄደች።

አርብ አራት ሰዓት ሰባቱም ተሰበሰቡ። ዴቫያኒ ያረመችውን መርማሪ ግድግዳው ላይ እየታየ አስኬደችው። ደቂቃ አልፈጀም፤ ማን ስንት ጊዜ እንደጻፈ ተደረደረ። ዴቫያኒ፣ ዘጠኝ ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ስምንት። አፑኩታን የሚባል ሰው፣ አንድ ሺህ መቶ አራት። ሺጂሽ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት።

«አፑኩታን ሰው ነው እንዴ?» አለ አንዱ፤ ሁሉም ሳቁ። ሺጂሽ አልሳቀም። ተነስቶ «የዚያ ማክሰኞ ሥራ የእኔ አልነበረም። ሬጂ ሰር እጄን ሲጨብጡኝ ነው መናገር የነበረብኝ፣ ፈርቼ ነው» አለና ቁጭ አለ።

ሬጂ ያልተፈረመውን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። «ማዳም፣ ከልብ ይቅርታ። ይቆያሉ። ያረሙትንም እልካለሁ። አንድ ነገር ብቻ፤ ዋናው ቢሮ ቦታ ቆጥቡ ስላለ የመጨረሻውን አሥር ዓመት ብቻ ነው ወደ አዲሱ ሰርቨር የምናዛውረው። ከዚያ በፊት ያለውን ማን ያነበዋል?»

አሥር ዓመት ብቻ! ያቺ ሰኞ ከዚህ ውጭ ናት። እሺ ብትል በቃ፣ ቁጥሯን ይዛ፣ ወንበሯን ይዛ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ትኖራለች። ማንም አያውቅም።

«አይሆንም» አለች።

«ምን ይጎድልብዎታል?»

«ሬጂ ሰር፣ ሳምንቱን ሙሉ ያለውን የለም አትበሉ ብዬ ስጮህ ሰነበትኩ። አሁን ለራሴ ሲመቸኝ የለም ልበል? ሁሉም ይሄዳል። አሥራ ሰባቱም ዓመት። ደግሞ ማን ያነበዋል ብለዋል፤ እኔ አነበዋለሁ።» ያችን ሰኞ ግድግዳው ላይ አወጣቻት። «የቅባት ንባብ ማስተካከያ። ዴቫያኒ። ይሄ ነው የሠላሳ አንድ መንደር ሴቶችን ሌባ ያሰኘው። እኔ ነኝ የሠራሁት። አፑኩታን አልሠራውም። እሱ በማግስቱ ነው ያረመው፣ ይኸው ከሥሩ ስሙ አለ፤ ማን እንዳበላሸው እንኳ አልጻፈም። እኔ ዝም ብዬ ወንበሩን ወሰድኩ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት የሚሳሳት ሰው በእኔ ስም ይጠራ። አፑኩታን ያለ ሰው ከእኔ ጋር ይጣላል።»

ሬጂ ግድግዳው ላይ ያለውን ከላይ እስከ ታች አነበበው።

«ይሄን... ማሳወቅ ይኖርብኛል» አለ ሬጂ ቀስ ብሎ።

«ያሳውቁ እንጂ! ስሜን ብቻ አስተካክለው ይጻፉት።»

አሥራ ሰባቱም ዓመት ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ተዛወረ። ዴቫያኒ ያችን ገጽ አትማ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ቅዳሜ ጠዋት አፑኩታን ወደሚኖርበት ወደ ቺቱር የሚሄደውን አውቶቡስ ያዘች።

አፑኩታን ሰባ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ላሙን በውሃ እያጠባት ነበር። ሲያያት ባልዲውን አስቀመጠና እስክትደርስ ጠበቃት። እሷም ሰላምታ ሳታበዛ ገጹን ሰጠችው፣ አርብ ዕለት ምን እንዳለች ነገረችው፣ «አጥፍቻለሁ። በእርስዎ ላይ የሠራሁትን በሰው ላይ አደርገዋለሁ ብዬ አላስብም ነበር፣ ግን አደረግሁት» አለችው።

አፑኩታን ወረቀቱን አላነበበውም። «ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ? እኔ በማግስቱ ከፍቼ አንብቤዋለሁ። አለቃ ነበርኩ፣ ሳላይ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ተሸከምኩት። ግን ትምጣና ትናገር ብዬ ጠበቅሁሽ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር። ተቆጥቼሻለሁ ዴቫያኒ። አሥራ አራት ዓመት ተቆጥቼሻለሁ፣ አሁንም አልበረደልኝም።»

«ልክ ነዎት።»

«ልክነቴን ተይው። ለእሷ ንገሪያት።» ወደ ቤቱ ዞሮ ጮኸ። «ታንካማኒ! ነይ ውጪ!»

ሚስቱ ታንካማኒ እጇን እያደራረቀች በሩ ላይ ወጣች። ያን ቀን ወተታቸው ከተደፋባቸው መንደሮች አንዱ የወንድሟ መንደር ነው። ወንድሟ ከዚያ ወዲህ የእህቱን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። «ባልሽ ሌባ አሰኝቶኛል» ነው የሚለው። እሷም ለባሏ ይህንኑ ስትደግምለት ኖራለች፣ በበዓል ሁሉ፣ በሰርግ ሁሉ።

ዴቫያኒ ቆማ ነገረቻት። አላሳመረችውም፣ ባሏንም ኳታርንም አላነሳችም።

ታንካማኒ ባሏን አየችው። «አንተ ሰውዬ፣ አፍ አልነበረህም?»

«ነገርኩሽ! እኔ አይደለሁም አልኩሽ። ማስረጃህ የታለ አልሽኝ።»

የሴትየዋ ዓይን ሞላ፣ ግን ለማልቀስ ጊዜ አልሰጠችም። ከመቀነቷ ስልኳን አወጣችና ቁጥር መፈለግ ጀመረች።

«ቁጭ በይ» አለቻት ዴቫያኒን። «ለወንድሜ ልደውል ነው። እኔ አልነግርልሽም፣ በገዛ አፍሽ ትነግሪዋለሽ። ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ የወተት ማኅበሩ ሊቀመንበር አለች፣ እሷም የዚያን ቀን ማሰሮ ይዘው ከመጡት ናት። ሠላሳ አንድ መንደር ነው ያልሽው?»

«ሠላሳ አንድ ነው።»

«እንግዲህ ቀኑ ገና ነው» አለች ታንካማኒ፤ የሚጠራውን ስልክ ሰጠቻት።

ዴቫያኒ ተቀበለችውና ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ከወዲያ የወንድ ድምፅ «ማን ልበል?» አለ።

«ዴቫያኒ እባላለሁ» አለች፣ «የወተትዎን ንባብ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»